ጋሽ ጆሮና ሳንባዋ የወጣ መኪና

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ጆሮ ነው። ጆሮው ግን ትንሽ ናት፤ ራሱ ላይ ልጥፍ ብላ፣ ሲያዩዋት ምንም የምትሰማ አትመስልም። ስሙ የወጣለት ሞተር በማዳመጡ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው የጭነት መኪና ሲነዳ፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ ይወርድና መዳፉን ኮፈኖው ላይ ያሳርፋል። ዐይኑን ይጨፍናል። የታመመ ልጁን ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ አባት ጸጥ ይላል። ከዚያ "አንዱ የነዳጅ መርጫ ኖዝል ያንጠባጥባል" ይላል። መካኒኮች መጀመሪያ ላይ ይስቁበት ነበር። ሲፈቱት ያንጠባጥባል። በኋላ መሳቁን ትተው ይጠይቁት ጀመር።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ይሄዳል። "ግዛ" ካለ ይገዛል፣ "ተወው" ካለ ይተዋል። ለዚህ ሥራው ከምስጋና በቀር የሚቀበለው ነገር የለም። ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ አንዲት ጉራ ብቻ ነበረችው፦ "በእኔ ጆሮ የተሸወደ ሰው የለም።"

"ጆሮ ጆሮ ይሉሃል" ትለዋለች ሚስቱ፣ "እኔ ስጠራህ የት እንደሚሄድ አያውቁም።"

ሚስቱ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ የካውያ ክፍል ኃላፊ ናት። አንሶላ ከእጇ ሲወጣ እንደ ወረቀት ጠርዙ ቀጥ ብሎ ነው። አንድ ቀን ለምሳ ስትመጣ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገረችው። ማጠቢያው ከሆስፒታሉ ርቆ ወደ ከተማው ዳር ሊዛወር ነው። ንጹሕ አንሶላ በቀን ሦስት ጊዜ የሚያመላልስ ሰው ይፈለጋል፤ የራሱ መኪና ያለው፣ ከወሩ መባቻ ጀምሮ ሥራ የሚገባ።

"አንድ ነገር አለ" አለችው። "የጭስ ምርመራ ያለፈችበት ወረቀት ይጠይቃሉ። አንሶላው የሚወርድበት ግቢ የልጆቹ ክፍል መስኮት ሥር ነው።"

"የትኞቹ ልጆች?"

"ደረታቸውን የሚያማቸው።"

ጋሽ ጆሮ እንጀራውን እያኘከ አሰበ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መሪ ሲያሽከረክር፣ እጁ ላይ ያለው ሙቀት እንኳ የባለቤቱ ይመስለው ነበር። ለራሱ ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረችው። ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል። አሁን ካልሆነ መቼ?

እንዲህ ሆኖ ነው ማሩ ግቢ የሄደው።

ማሩ ያገለገሉ የጭነት መኪኖች ነጋዴ ነው። ስሙ ከምላሱ የመጣ ነው፤ ሰውን ሲሰድብ እንኳ ያመሰገነ ይመስላል። ጋሽ ጆሮን ከበር ሲያየው ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።

"ጋሼ! ዛሬስ ለማን ሊያዳምጡ መጡ?"

"ለራሴ።"

"ለራስዎ?" ማሩ ደረቱን ያዘ። "እንግዲያው አንዲት አለች። ለሰው ሳላሳይ ለእርስዎ ያስቀመጥኳት።"

ካቢናዋ ነጭ፣ የጭነት ሳጥኗ ሰማያዊ ነበር። ሞተሯ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጁ አረጋገጠ፤ አሙቀው የሚያቆዩ ብልጦችን ያውቃቸዋል። አስነሣት። ወረደ። መዳፉን ኮፈኖው ላይ አሳረፈ፤ ዐይኑን ጨፈነ።

ዘፈነችለት። የሚንኳኳ የለ፣ የሚያፏጭ የለ፣ ትንፋሿ ሰፊና ክፍት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም። ድንጋይ ጭነው ከግቢው በስተጀርባ ያለውን ዳገት ሲወጡ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሳትንገራገር ወጣች። ልቡ ቅልጥ አለ። የጭስ ማውጫዋ ጫፍ ላይ አዲስ የብር ቀለም ሸተተው፤ ለውበት የተቀባ መስሎት አለፈው።

"ነፍስ አላት" አለ።

"ነፍስማ አላት" አለ ማሩ። ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ ውሸት ያልነበረው ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሳምንቱን ሙሉ ጋሽ ጆሮ እንደ አዲስ ሙሽራ ሆነ። የመኪናዋን መስተዋት በሸሚዙ እጅጌ ይወለውላል። ጎረቤት ሲያልፍ ምክንያት ፈልጎ ኮፈኖውን ይከፍታል። ሚስቱ የሥራ ጋዋኗን አጥባ ግቢው ውስጥ ሰቅላ ነበር። ጠዋት ሞተሩን አሙቆ ሲወጣ፣ ጋዋኑን ከገመዱ ላይ አውርዳ ይዛበት መጣች።

"ምንድን ነው ይኼ?"

ነጩ ጨርቅ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ጥቁር ነቁጥ በነቁጥ ሆኗል።

"ከመንገድ የመጣ አቧራ ይሆናላ።"

"አቧራ ጥቁር ነው?" ጣቷን ነቁጡ ላይ አሻሸችው። ተጠፈጠፈ፤ ቅባት አለው። "ሠላሳ ዓመት ልብስ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይኼ ጥላሸት ነው።"

በዚያው ቀን የምርመራ ወረፋ ነበረው።

መርማሪዋ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ልጁ የምታክል ሴት ናት። የመለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትታ "ነዳጅ ይስጧት" አለችው። ሰጣት። ማሽኑ ጮኸ። እንደገና አስደገመችው። እንደገና ጮኸ። መብራት ይዛ መኪናዋ ሥር ወዳለው ጉድጓድ ወረደችና ጠራችው።

"አባቴ፣ ይምጡና ይዩ።"

ከማርሚታው፣ ከድምፅ ማፈኛው ፊት ለፊት፣ በርሜል የሚመስል ወፍራም ነገር አለ። ወገቡን ዙሪያውን ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል፤ ብየዳው ላይ ቀለም ተቀብቷል።

"ይኼ ጥላሸት የሚይዘው ማጣሪያ ነው። ውስጡ የሸክላ ወንፊት መኖር አለበት።" በመፍቻዋ መታችው። እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። "ቆርጠው አውጥተውታል።"

"መብራት አልበራም እኮ። ዳሽቦርዱ ላይ..."

መርማሪዋ ወደ ካቢናው ወጣች። ከመሪው ሥር ያሉትን ሽቦዎች ገለጥ ገለጥ አድርጋ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሳጥን አሳየችው። "ይቺ ናት ለኮምፒውተሩ 'ማጣሪያው ደህና ነው፣ አለ' እያለች የምትዋሸው።"

"ግን ልጄ" አለ ጋሽ ጆሮ፣ ድምፁ እየሰለለ፣ "ዳገት ስትወጣ ብታያት። ትንፋሿ ክፍት ነው።"

"ክፍት የሆነው ማጣሪያው ስለሌለ ነው" አለችው፤ ስትናገረው ዐይኑን ላለማየት ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

የምርመራ ግቢው አጥር ሥር ቁጭ አለ። እሱ የለመደው ማጣሪያ የሌላቸውን የድሮዎቹን መኪኖች ነው። በእነሱ ዘመን ትንፋሹ የተከፈተ ሞተር ጤነኛ ሞተር ነበር። ጆሮው አልዋሸውም፤ የሰማውን በትክክል ሰምቷል። ያ የወደደው ድምፅ የጉድለቱ ድምፅ ነበር። ማጣሪያዋን ቆርጦ ያወጣውን ሰው ያህል ራሱን ተጠየፈ። መጠየፉ ግን ብዙ አልቆየም፤ በቦታው ንዴት ገባ።

ግቢው ሄዶ ሲነግረው ማሩ እንኳ አልደነገጠም።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥሩ ነው የዋልኩልዎ። ጉሮሮዋን ነው የከፈትኩላት።"

"ሳንባዋን አውጥተህ ጉሮሮዋን ከፈትኩ ትለኛለህ?"

"ሁሉም የሚያደርገው ነው። ማጣሪያው ሲደፈን የሚቀየርበት ዋጋ መኪና ይገዛል ጋሼ።"

"ያወጣኸው ዕቃ የት አለ?"

"እሱማ ውስጡ ውድ ማዕድን አለው፤ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ።"

"ታዲያ አንዲቷን መኪና ሁለት ጊዜ ሸጥካታ።"

ማሩ ወንበር ሳበለት። ጋሽ ጆሮ አልተቀመጠም። ማሩ ራሱ ተቀመጠበትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እርስዎን የሚያህል ሰው አላስቀይምም። ገንዘብዎን ሙሉውን እመልሳለሁ። ሳይውል ሳያድር ሌላ ንጹሕ መኪና ይገዛሉ፤ ለወሩ መባቻም ይደርሳሉ። አንድ ነገር ብቻ። ዐርብ ለእሷ ገዢ ይመጣል። እርስዎ መኪናዋን ይዘው እዚህ ይሁኑ። እንደ ልማድዎ መዳፍዎን ያሳርፉ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑ፣ 'ደህና ናት' ይበሉ። የእርስዎ አንድ ቃል ይበቃል።"

"ለገዢው ማጣሪያ እንደሌላት ትነግረዋለህ?"

ማሩ ፈገግ አለ። "ለእርስዎ ነግሬዎታለሁ እንዴ?"

ጋሽ ጆሮ ያን ዕለት እንዴት ቤት እንደደረሰ አያውቅም። የሚያውቀው መካኒክ መንገድ ላይ አግኝቶት ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀ፦ "ምን ችግር አለ? ደህና ማጣሪያ ተዋስ፣ ለምርመራው ግጠምላት፣ ወረቀቱን ስትይዝ ፍታው። ስንቱ እንደዚያ ነው የሚያልፈው።" እንዲህ ሲል ክፋት አልነበረበትም፤ የፈሰሰ ዘይት እንዴት እንደሚጠረግ የሚመክር ይመስል ነበር። ጋሽ ጆሮን ከማሩ ማር ይልቅ ያቃጠለው ይኼ ነው። መርማሪዋ ወረቀቷን ይዛ ጉድጓድ ትወርዳለች፤ ከተማው በሙሉ ደግሞ ከኋላዋ ማጣሪያ ይዋዋሳል።

ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ የማሩንም ውል ሳይቀር። የራሷን ሻይ እያማሰለች ሰማችው።

"ገንዘቡ ካልተመለሰ ሌላ መግዛት አንችልም" አለች።

"አንችልም።"

"ሥራው ያመልጣል።"

"ያመልጣል። አንቺ ምን ትያለሽ?" አላት።

"እኔ ምን እላለሁ? ነርሷ አራት ሰዓት ላይ የልጆቹን መስኮት ትከፍታለች። ንጹሕ አየር ይግባላቸው ብላ ነው። የመጀመሪያው አንሶላም የሚመጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። እሱን ብቻ ነው የማውቀው።" ስኒዋን አነሣች። "አንተ ሰውዬ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ።"

ዐርብ ዕለት ጋሽ ጆሮ መኪናዋን ይዞ ሲደርስ የማሩ ግቢ ሞልቶ ነበር። ገዢዋ አትክልት አከፋፋይ ናት፤ ታናሽ ወንድሟን ይዛ መጥታለች። ጋሽ ጆሮን ስታየው ፊቷ በራ።

"ጋሽ ጆሮ እርስዎ ነዎት? ተመስገን። እርስዎ ካዳመጡልኝማ ዐይኔን አላሽም።"

"በሉ ጋሼ" አለ ማሩ፣ ክንዱን በፍቅር ያዝ አድርጎ።

ወንድሟ መኪናዋን አስነሣት። ጋሽ ጆሮ መዳፉን ኮፈኖው ላይ አሳረፈ። ዐይኑን ጨፈነ። ያው ዘፈን ነው። አሁንም ታምራለች፤ ይኼ ነው ይበልጥ ያናደደው። ሰዎች ከበቡት። ማሩ በኩራት ዙሪያውን ያያል።

"እንዴት ናት?" አለች ሴትየዋ።

"ሞተሯ ደህና ነው" አለ ዐይኑን እየገለጠ። ማሩ ተነፈሰ። "ቆይ ግን። አላለቀም።"

ከኪሱ መፍቻ አወጣ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በክት ሱሪው፣ በጀርባው ተኝቶ መኪናዋ ሥር ገባ።

"ጋሼ፣ ልብስዎ!" አለ ማሩ።

"አጥፋው ሞተሩን" አለ ከሥር ለወንድምየው። ጠፋ። "አሁን ስሙ።"

መታው። ጣሳው ጮኸ። እንደገና መታው።

"እዚህ ውስጥ የጥላሸት ማጣሪያ መኖር ነበረበት" አለ ከመኪናዋ ሥር፣ ድምፁ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ። "የለም። ቆርጠው ሸጠውታል። ከመሪው ሥር ደግሞ ውሸታም ሳጥን አለች፤ ገልጣችሁ እዩ። እኔ ሳልመታት ገዛኋት። ሃያ ስድስት ዓመት ኮፈኖ ሳዳምጥ አንድ ቀን ከሥር ገብቼ አላንኳኳሁም። በእኔ ጆሮ መኪና የገዛችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ሄዳችሁ የራሳችሁን አንኳኩ።"

"ጋሼ፣ በእድሜዎ..." አለ ማሩ፤ ማሩ ከምላሱ ላይ እያለቀ ነበር። "ጥቅምዎን አያውቁም እንዴ?"

"ገንዘቡን ያዘው" አለ ጋሽ ጆሮ፣ እየተንፏቀቀ ሲወጣ። "ቃሌ ግን ከመኪናዋ ጋር አብሮ አልተሸጠልህም።"

ሴትየዋ ከወንድሟ እጅ ቁልፉን ተቀብላ ለማሩ መለሰችለት፣ ከዚያ አጎንብሳ የጋሽ ጆሮን ጀርባ በመዳፏ አራገፈችለት። በዚያው ቅጽበት ከግቢው ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሊገዛት ባሰባት ቀይ መኪና ሥር በርከክ ሲል ታየ። በበሩ ቁልፍ ነበር የመታው። ጣሳ። ሌላው ሁለት መኪና ዘልሎ መታ። ጣሳ። አንዱ ጋ ደንደን ያለ፣ እንደ ሞላ ማድጋ የታፈነ ድምፅ ሲወጣ፣ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ማሩ "አትንኩ፣ ይቧጨራል" ይል ነበር፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ገንዘቡ አልተመለሰም። መኪናዋ ዛሬም የጋሽ ጆሮ ቤት አጥር ጥግ ቆማለች። አይነዳትም። "ሳንባ እስኪገዛላት" ይላል። እሱ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ የሰው መኪና ይነዳል። ሰዎች ያሰቡትን ይሉታል፤ "ልክ ነህ" የሚሉት ከሚያሙት ያንሳሉ።

የአንሶላውን ሥራ ሌላ ሰው ወሰደው። በወሩ የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ጆሮ ፈቃድ ጠይቆ፣ የሥራ ቱታውን ለብሶ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀር አዲሱ ሹፌር ደረሰ።

"ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ አጥፋት" አለው።

"አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ?"

"አንሶላውን የምትተኩሰው ሴትዮ ባል ነኝ።"

ሹፌሩ ዘበኛውን አየ። ዘበኛው ሳቁን ዋጠ። ጋሽ ጆሮ አስፋልቱ ላይ ተኛና ከሥር ገባ፤ በመፍቻው መታ፤ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ እንደገና መታ። ከላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ የመጀመሪያው መስኮት መቀርቀሪያ ሲከፈት ተሰማው።

ድምፁ ሙሉ ነበር፤ ማጣሪያው አለ። ወጣ፤ ጉልበቱን አራገፈ።

"ትግባ" አለ፤ ማንም ባይጠይቀውም።