ዋስ የሌለው ደብዳቤ

ልጄ የኢሜይሏን የይለፍ ቃል በቁራጭ ወረቀት ጽፋ የሰጠችኝ ዕለት፣ ወረቀቱን አራት አጥፌ ከኮፍያዬ ሥር ሸጎጥኩት።

«አባ፣ በሁለት በሦስት ቀን ኢንተርኔት ቤት እየሄድክ እይልኝ። ከህንድ መልስ ከመጣ እሑድ ስደውል ትነግረኛለህ» አለችኝ።

ትችልበታለህ ወይ አላለችኝም። ብትለኝም እችላለሁ ነበር የምላት። አልችልም የሚለውን ቃል አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ አልለመደውም፤ ቤተሰቤን ያስቸገርኩትም በአብዛኛው በዚሁ ነው።

የመጨረሻ ልጄ ናት። የእንስሳት ጤና ተምራ ከሰንበቴ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ ተመደበች። እዚያ ስልክ ጌጥ ነው፤ ኔትወርክ የለም። እሑድ እሑድ ግን ለከብት ገበያው ወደ ሰንበቴ ትወጣለች። ከብት ስትመረምርና ስትከትብ ትውልና ከመመለሷ በፊት ትደውላለች። በነጻ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር አንድ የህንድ ዩኒቨርሲቲ አግኝታ ነበር። ካቻምና አመለከተች፤ አልሆነም። አምና አመለከተች፤ አልሆነም። ዘንድሮ ካልሆነ የዕድሜ ገደቡ ሊያልፋት ነው። ያቺ ወረቀት ኮፍያዬ ሥር ስትገባ እንግዲህ የልጄ ዕድል ነው ራሴ ላይ የተቀመጠው። ራሴ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ኮፍያ ከመሸከም በቀር ሌላ አደራ ተሰጥቶት አያውቅም።

ስለ ሥራዬ ሳልነግራችሁ ብቀጥል ጥፋቴ አይገባችሁም። ሠላሳ ዓመት ያህል የዚያው የሰንበቴ ከብት ገበያ ጸሐፊ ነበርኩ። ከግራር ጥላ ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ሻጭን፣ ገዢን፣ የበሬውን ቀለም፣ የቀንዱን አወጣጥ፣ የጆሮውን ምልክት እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ብዕሬን ቀና አድርጌ «ዋስህ ማነው?» እላለሁ። ዋስ ማለት ሻጩን የሚያውቅ፣ «በሬው የራሱ ነው፤ የተሰረቀ ቢሆን እኔ እጠየቃለሁ» የሚል ሰው ነው። ሻጩ ከደጋ ይውረድ ከአፋር ይምጣ፣ ዋስ ከሌለው በሬው አይጻፍም። አንዳንዱ ዘመድ ያጣ ሻጭ ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ አንተው ዋስ ሁነኝ» ይለኛል። ያኔ ቀና ብዬ የግራሩን ቅጠል መቁጠር እጀምራለሁ። ለልጆቼም ያወረስኩት ሀብት ይኸው ምክር ነው፦ ለማታውቁት ሰው ዋስ አትሁኑ።

ይህን ምክር ይዤ ነው ኢሜይል ልከፍት የሄድኩት።

በምኖርባት በከሚሴ ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የምታነሳ፣ ማመልከቻ የምትተይብ፣ ሦስት ኮምፒዩተር ያላት ሴት አለች። ለአንዱ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ ትመልሳለች፤ ኮምፒዩተሩን በሁለቱም ትሰድበዋለች። «ላግዝዎት አባባ?» ስትለኝ «እኔ ላግዝሽ እንጂ» ብያት ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዬ እስከ ስምንተኛ ክፍል የትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የተለቀመ ነው።

ከህንድ አንድ ደብዳቤ መጥቷል። ማመልከቻሽ ደርሶናል፣ ውጤቱን እንጽፍልሻለን ነው የሚለው። ከደብዳቤው በላይ ግን ቢጫ መስመር ተዘርግቷል። እንደገባኝ፣ «ይህ ላኪ ከዚህ በፊት ጽፎልዎት አያውቅም፤ ያምኑታል ወይስ አጠራጣሪ ነው?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ።

ብዕሬን ቀና ያደረግሁ መሰለኝ። ህሊናዬን ጠየቅሁ። ሰውየውን አውቀዋለሁ? ወላሂ አላውቀውም። አባቱንስ? አላውቅም። ቀዬውስ? ህንድ! አጠራጣሪ የሚለውን ተጫንኩት። ደብዳቤው ከፊቴ እልም አለ። የቢሮ ሰው ነኝና ፋይል ውስጥ ገባ ብዬ፣ ኮፍያዬን አስተካክዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ምንም የለም። እሑድ እሑድ «ምንም የለም» እያልኩ ሪፖርት አቀረብኩ።

በአራተኛው እሑድ ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ። ከኋላዋ ፍየል ይጮሃል፣ ደላላ ይጮሃል።

«አባ፣ ምንም አልመጣም?»

«ምንም። ህንዶቹ ተኝተዋል።»

«አልተኙም! አብራኝ ያመለከተችው ጓደኛዬ ማለፏን ከሰማች አሥር ቀኗ ነው። የእኔም ስም ዝርዝሩ ላይ አለ ብላኛለች። ደብዳቤው ውስጥ ሊንክ አለ፤ እሱን ተጭኖ እቀበላለሁ ማለት ነው። እስከ ማክሰኞ ካልተባለ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።»

«የትኛው ማክሰኞ?»

«ከነገ ወዲያ ነዋ አባ! እኔ እንዳልመጣ ወረርሽኝ ገብቶ ከብቱ እያለቀ ነው። መኪናው ሊመልሰን ሞተር አስነስቷል። እዚህ ኢንተርኔት የለም። በአላህ አባ፣ በደንብ ፈልግልኝ—»

ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ኢንተርኔት ቤቱ እሑድ ዝግ ነው። ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ በር ተመላለስኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ታየኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ገባብህ? ምን ያቁነጠንጥሃል?»

«ኮምፒዩተሩ ናፍቆኝ ነው።»

«ልጅቷ ምን አለች?»

«ሰላም ናት። ሰላም በላት ብላለች።»

የመጀመሪያው ውሸቴ ነበር፤ የዚያ ቀን ማለቴ ነው።

ሰኞ ጠዋት ባለሱቋ መዝጊያዋን ስታነሳ ከኋላዋ ቆሜ አገኘችኝ። ስለ ማክሰኞው ነገርኳት፤ ስለ ቢጫው መስመር ግን ትንፍሽ አላልኩም።

«አጠራጣሪ ደብዳቤ የሚጣልበትን ሣጥን አይተዋል?» አለችኝ።

«ከአጠራጣሪ ነገር ጋር ምን አገናኘኝ?»

ከፈተችው። ከመጀመሪያው ሌላ ሦስት የህንድ ደብዳቤዎች እዚያ ተደርድረዋል። አንዱ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። አንዱ መልስሽን እየጠበቅን ነው ይላል። የላይኛው የመጨረሻ ማሳሰቢያ ይላል። «የመጨረሻ» የምትለዋን እንዳነበብኩ ማውሱን ያዝኩ።

እቀበላለሁ የሚያስብለው ሊንክ አለ። ግን ሰማያዊ መሆን ሲገባው አመድ መስሏል። ተጫንኩት። ምንም። ደገምኩት። ምንም። ቢሰማኝ ብዬ በኃይል ተጫንኩት።

«አባባ፣ ማውሱ በሬ አይደለም፤ ቢደበድቡት አይሄድም» አለችና ወንበሩን ወሰደችብኝ። የሊንኩን አድራሻ ገልብጣ ከላይ በኩል አስገባችው፤ አድራሻው ጎዶሎ ነው አለ። በሌላ የኢንተርኔት መክፈቻ ሞከረች፤ እምቢ አለ። በሁለቱም ቋንቋ ሰደበችው፤ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ከደብዳቤው ራስ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ጮክ ብላ ተረጎመችልኝ። «ይህ ላኪ አጠራጣሪ ነው ተብሎ ስለተጠቆመ፣ ለደህንነትዎ ሲባል ሊንኮቹ ተዘግተዋል።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ማን ጠቆመ?»

ጣሪያውን አየሁ። ቆርቆሮ ሆኖብኝ እንጂ ቅጠል እቆጥር ነበር።

«የይለፍ ቃሉ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ልጅቷ ቆላ ናት። ማን ጠቆመ አባባ?»

«ሲጠይቀኝ እውነቱን መለስኩለት። አላውቀውማ!»

«ያ ረቢ!» ሳቋን ለመዋጥ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «ይሁን። አጠራጣሪ አይደለም ብለን ወደ ደህናዎቹ ከመለስነው ሊንኩ ይከፈታል። አሁን እዚህች ላይ—»

መብራት ጠፋ።

የጠፋው የከተማው ሁሉ ነው። ጄኔሬተር አለው ወደተባለ ሆቴል በባጃጅ ሄድኩ፤ ጄኔሬተሩ የሚያውቀው ማቀዝቀዣውን እንጂ ኢንተርኔቱን አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ዘበኛው «ምን ጉዳይ ነው?» ሲለኝ ማስረዳት ጀምሬ መሐል ላይ ለራሴው ተምታታብኝ። ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ወጣሁ። ደግሞ ተመለስኩ። ባለሱቋ «ቢቀመጡም ባይቀመጡም የሚመጣው ሲመጣ ነው» አለችኝ። የከሰዓቱ ዐስር ሶላት ላይ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋብኝ፤ ከአጠገቤ ያለውን ሰው እያየሁ ጨረስኩት።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቢጫውንም መስመር። ጮኻ ትሰድበኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። አልጮኸችም።

«እውነቱን ንገረኝ። እንዳትሄድ ፈልገህ ነው?»

«እኔ?»

«አንተ። ህንድ ሩቅ ነው፣ እዚህ ምን ጎደላት እያለ የከረመው ጎረቤታችን ነው?»

ኮፍያዬን አውልቄ በእጄ ማዟዟር ጀመርኩ። ብያለሁ። ማለቱን ብያለሁ። ያንን ቁልፍ የተጫንኩት ግን በጸሐፊነቴ ነው፤ ዋስ ስለሌለው ነው። ነው ወይስ አይደለም? ያን ሌሊት ጎኔን ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አልጋው ይናገር።

ማክሰኞ መብራቱ የመጣው ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሱቁ በፎቶ ኮፒ ፈላጊ ተጨናንቋል። ባለሱቋ አንዱን ኮምፒዩተር አስነስታልኝ ወደ ሰልፈኛው ዞረች። ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሳ ቀንና ዓመት ጠየቀኝ። የውስጥ ባትሪው ሞቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዘመኑን ይረሳል። ላግዛት ብዬ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ እያየሁ ሞላሁለት። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፤ ጥርት አድርጌ፣ በእኛው አቆጣጠር።

ከዚያ ወዲያ ሊንኩ ቀርቶ ኢሜይሉ ራሱ አልከፈት አለ። ቀይ ምልክት ወጣና «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለኝ።

«ደግሞ ስድብ ጀመረ!» ብዬ ጮህኩ።

ባለሱቋ መጥታ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየች። «ይኼን ማን ነካ? አባባ! ኮምፒዩተሩን እኮ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሱት!»

«የእኛ ዓመት ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው። የገጾቹ ፈቃድ ግን የተጻፈው በፈረንጅ ዘመን ነው። ኮምፒዩተሩ ፈቃዱን ሲያይ ገና ያልወጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በሩን ይዘጋል።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። ሰባት ሰዓት አልፏል። የህንድ ፀሐይ ከእኛ ቀድማ እንደምትጠልቅ ትዝ ያለኝም ገና ያኔ ነው።

ዓመቱን አስተካከለች። ኢሜይሉ ተከፈተ። ወደ አጠራጣሪው ሣጥን ገባች፤ ያ ጥያቄ ተመልሶ ፊቴ ተደቀነ። ይህን ላኪ ያምኑታል?

«የከሰሱትን እርስዎው ይፍቱት» ብላ ማውሱን ሰጠችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ለማላውቀው ሰው ዋስ ሆንኩ። ደብዳቤው ከሣጥኑ ወጥቶ ከደህናዎቹ መሐል ተቀመጠ። አመዱ ሊንክ ሰማያዊ ሆነ። ተጫንኩት፤ ገጹ ቀስ እያለ ወረደ። የልጄ ስም አለበት። ከስሟ ሥር ደግሞ ሁለት ቁልፍ። እቀበላለሁ። አልቀበልም።

ጣቴ ቆመ።

መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ከጨፋ የመጣ አንድ ገበሬ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ ያያል። «ምን እያለ ነው?» አለ።

«ልጃቸው ህንድ ትሂድ ወይስ ትቅር ነው የሚላቸው» አለችው ባለሱቋ።

«ጀባዻ፣ በርቱ አባቴ! ቢስሚላህ ይበሉና ይጫኑት። ልጅ ከቤት ቢወጣ ከሆድ አይወጣም።»

ቢስሚላህ ብዬ እቀበላለሁን ተጫንኩ። አንዲት ክብ ነገር ዞረች። ዞረች። ደግሞ ዞረች። ሱቁ ሁሉ ፎቶ ኮፒውን ትቶ እሷን ያያል። ከዚያ «መልስሽ ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ገበሬው «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁ።

እስከ እሑድ ያለው ጊዜ አልገፋ አለኝ። ረቡዕ ሄጄ ጽሑፉ እንዳለ አየሁ። ሐሙስ ሄጄ አየሁ። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሄድኩ፤ ባለሱቋ ገና ከበሩ ላይ «አለ አባባ፣ አልሸሸም» አለችኝ። እሑድ ስትደውል ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት።

«አባ?»

«አልፈሻል። ተቀብለሻል። ማለቴ፣ ተቀብዬልሻለሁ።»

እልልታዋ ጆሮዬን ሊቀደው ነበር። ትንፋሿ ሲመለስ «የት ነበር ደብዳቤው?» አለችኝ።

ኔትወርክ ነው ብላት በዚያው ያልቅ ነበር፤ በእኛ አገር ሁሉን ጥፋት ኔትወርክ ችሎ ይሸከማል። ግን ነገርኳት። ቢጫውን መስመር፣ ህንዱን መክሰሴን፣ ዓመቱን።  ከኋላዋ ፍየል ይጮሃል።

«አባ፣ እንዳልሄድ ፈልገህ ነበር?»

«እናትሽም ጠይቃኛለች።»

«ምን አልካት?»

«ዝም።»

«ለእኔስ?»

«እንድትሄጂ አልፈልግም። እንድትቀሪም አልፈልግም። ቁልፉ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ቢኖር እሱን ነበር የምጫነው።»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች መሰለኝ፤ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። «በል ስማኝ። የቪዛውን ደብዳቤ በዚያው ኢሜይል ነው የሚልኩት። የክትባቱ ዘመቻ ሲያልቅ ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ ራሴ አየዋለሁ። እስከዚያ እንዳትነካው። ማል።»

«ወላሂ አልነካም።»

ሰኞ ጠዋት ባለሱቋ መዝጊያዋን ስታነሳ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ «ልነካ አልመጣሁም» አልኳት። «አንቺ ክፈቺው። እኔ ከዚህ ሆኜ ላየው ብቻ ነው።»