ጥያቄ ያልነበረው ጠበቃ

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው «ቀጥ በሉ» ይላታል፤ ልክ ስትወስድ ለሹሙም ለተማሪውም ትእዛዟ ይኸው ነው። እናት አባታቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟን በስፌት መኪናዋ አሳደገችው። ያ ወንድሟ በነፍስ ግድያ ተከሶ ሞት ተፈረደበት። አየሁ ያለው ምስክር አንድ ብቻ ነበር፤ የወንድሟ ጠበቃ ግን ብድግ ብሎ «ጥያቄ የለኝም» አለና ቁጭ አለ። እሷ የዋህ፣ ብልጠት መስሏት መርቃዋለች።

ስለ ይግባኙ ልታነጋግረው ቢሮው ስትገባ፣ ያ ምስክር ሶፋው ላይ ተንፈላሷል፤ ጠበቃው ሻይ እየቀዳለት «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ይለዋል።

«የቆየ ደንበኛዬ ነው፣ እትዬ። የእሱንም ጉዳዮች የምይዘው እኔ ነኝ» አላት፣ ቅንጣት ሳያፍር።

«ታዲያ ይህንኑ ይግባኙ ላይ ይጻፉልኛ!»

«እኔው በራሴ ላይ? እንዴት ተደርጎ!»

ደሟ ፈላ። ሲያከብረው የኖረው አፏ አንቱታውን እዚያው ጣለው።

«ቀጥ በል!» አለችው። «ወንድሜን ሊያስገድል የቆመውን ሰው ችሎት ላይ የምትጠይቀው አጣህ፤ እዚህ ስኳር ስንት ትለዋለህ?»