ካዴት የሚለው ቃል

የልጄን ደብዳቤ የባሌ ወንድም ያነበቡት በሰንበቴ ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ዳቦና ጠላ ይዞ በተቀመጠበት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤተሰባችን ራስ እሳቸው ነበሩ፤ የደብራችንም ቄስ ናቸው።

ልጄ ጎንደር ከተማ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ይማር ነበር። ከዚያ በፊት ጀምሮ የደብሩ ዲያቆን ነበር። ለትምህርት ሲሄድ ምትክ አቆምለት ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ራሱ ይቀድሳል። የምንበላው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ካለው የገብስ ማሳ ነው። ማሳው የድቁና መሬት ስለ ሆነ፣ ከቤታችን አገልጋይ እስካለ ድረስ የእኛ ነው፤ ከታጣ ለሌላ ይሰጣል። የባሌ ወንድም ደግሞ ለድቁና የደረሰ ልጅ ነበራቸው።

ደብዳቤውን ጮክ ብለው ጀመሩ። ሰላምታውን አነበቡ፤ ትምህርቱን መጨረሱን አነበቡ። ከአንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናቸውን አጥብበው «ካዳት» አሉ።

አንዲት ባልቴት፣ «ማንን ነው የካዳት?» ብለው ጠየቁ።

«ማንን ይክዳል? እናቱን ቤተ ክርስቲያንን ነዋ» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ። የቀረውን አላነበቡም።

እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም። የተነበበልኝን ከማመን በቀር ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ አጠገቤ መቀመጥ ተዉ። ሰላም ስላቸው ነጠላቸውን ይከናነባሉ። የሰንበቴ ተራዬ ደረሰ፤ ዘለሉኝ። ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ጋግሬ ብሄድ አንዷ በር ላይ ጠብቃ፣ «ይህንንስ ለጎንደሬው ልጅሽ ላኪለት» አለችኝ። የሚስቁ ነበሩ። ይዤው ተመለስሁ።

ልጄ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሳልስመው በር ላይ አቆምሁት።

«ካድሃት?» አልሁት።

«ማንን?»

«ቤተ ክርስቲያንን።»

ደብዳቤውን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት። አንብቦ ሳቀ። ካዳት ሳይሆን ካዴት ነው የሚለው፤ የፈረንጅ ቃል ነው፤ መኮንን ለመሆን የሚማር ማለት ነው አለኝ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ተወና ጉልበቴን ሳመኝ።

ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ እንደ ጓደኞቹ አዲስ አበባ ገብቶ መማር ነው። ሁለተኛው የጦር ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ዲግሪውንም እየተማረ፣ መኮንንነቱንም እየሠለጠነ ቆይቶ ሁለቱን አንድ ላይ ይጨርሳል። እሱ ሁለተኛውን መርጧል። አባቱ ስለሌለ እኔ እናቱ መፍቀዴን ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው ጽሕፈት ቤት ቀርቤ በጣቴ እንዳረጋግጥ ወረቀት ይዞ መጥቷል። ቀኑ ካለፈ ቦታው ለሌላ ነው።

እኛ ወታደር ስንል የምናውቀው ገበሬ ቤት ገብቶ ዶሮ የሚያሳርደውን ነው። ይህንኑ ነገርሁት። ዲግሪ ብቻ ይዞ ቢወጣ ሹመት ፍለጋ የሰው ደጅ ሲጠና እንደሚኖር፣ መኮንን ሆኖ ሲወጣ ግን ሥራው ተቆርጦ እንደሚጠብቀው አስረዳኝ። «ዶሮ የሚያሳርደውን የሚከለክል አዛዥም ያስፈልጋል፣ እናቴ» አለኝ።

አብረን የባሌ ወንድም ዘንድ ሄድን። ቃሉንም የፈቃዱን ወረቀትም አስረዳቸው። ሰንበቴው ፊት እንዲያርሙልኝ ለመንኋቸው።

«ቢክዳትም ባይክዳትም ለእኔ ያው ነው። ጠመንጃ የያዘ እጅ የዕጣን ጽና አይዝም» አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺም ዕወቂው፤ ጣትሽን ባሳረፍሽ ቀን ማሳው ለልጄ ነው» አሉኝ።

«ምትክ አቆማለሁ፣ አባቴ» አልሁ።

«ምትክ የሚቆመው ለሚመለስ ሰው ነው።»

ይህ እውነት ነበር። ቃሉን ግን አላረሙም። ያን ዕለት ሰንበቴ ቤት ደብዳቤውን ሲያነቡ ተሳስተው ይሁን ዐውቀው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለት ቀን ሰገድሁ። ማሳውም ልጁም የእግዚአብሔር እንጂ የእኔ እንዳልሆኑ ዐውቃለሁ፤ ሁለቱን ባንድነት መያዝ ግን አልቻልሁም። በሦስተኛው ቀን ንፋስ መውጫ ወርደን ቀለሙን ነካሁ፤ ጣቴን አሳረፍሁ። የባሌ ወንድም በበቅሎ ተከትለውን ኖሮ ከደጅ ቆመው አዩኝ። በቅሏቸውን መልሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ አልተናገሩኝም፤ ለኑዛዜም ሌላ ቄስ ፈለግሁ።

በሰኔ ጥማዳቸውን ማሳው ውስጥ አስገቡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስኬደው መንገድ በማሳው ጠርዝ ስለሆነ አላይም ማለት አይቻልም። ልጃቸው እርፉን ይዞ ሲያርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዞር አለ። እንዳልረግም ፈራሁና «ይባርክላችሁ» አልሁ። አፌ ነው ያለው፤ ልቤ ቆይቶ ነው የተከተለው።

እኔ ከዳገቱ ላይ ከባሌ የቀረችኝን ድንጋያማ ቁራጭ መሬት በሰው በሬ አሳረስሁ። በዓመቱ ያነሰ ገብስ በላሁ። ልጄ ትምህርቱን ጀምሮ ነበርና፣ የበላሁትን አመስግኜ በላሁ።