በባሕሩ ሥዕል ላይ የተጻፈው ስም

ሲቀላ ሰፈር፣ በጋሽ ክፍሌ የታፔላና የሥዕል ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን የታዘዝኩት የደረቀ ብሩሽ ቀለም በሚያለቅቀው አኳራጅ ማጠብ ነበር። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም፤ ከተማው ውስጥ አዳዲስ ሱቅ ይከፈታል፣ ሁሉም ታፔላ ይፈልጋል። እኔ ከደጋው፣ ከገረሴ የወረድኩ፣ አማርኛዬ ገና ያልተስተካከለ ጎረምሳ ነበርኩ። “ሱቁ ተከፈተች” ብዬ ጽፌ ሲያዩ ጋሽ ክፍሌ ሳይስቁብኝ አጠፉልኝ። የፊደል አጣጣል ያስተማሩኝ እጄን ይዘው ነው።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት በነጠላ የተጠቀለለ ሥዕል ይዘው መጡ። ሥዕሉን ለሟች ባለቤታቸው የሰጣቸው፣ አብሯቸው መንገድ ሲቀይስ የነበረ የቤልጅግ መሐንዲስ ነው።

ሸራው ላይ ያለው የባሕር ዳርቻ ነው። ዝቅ ያለ ደመና፣ ግራጫ ውኃ፣ ጀልባ ወደ አሸዋው የሚጎትቱ ዓሣ አጥማጆች። እኔ ከአባያ ሐይቅ ሌላ ሰፊ ውኃ አላውቅም ነበርና ቀለሙ ያላለቀ መሰለኝ።

መሐንዲሱ ሥዕሉ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው፣ የአንድ ስመ ጥር የአገሩ የፍላንደርስ ሠዓሊ ሥራ ነው ብሎ ነበር። ባለቤታቸው ይህንን ለሰው ሲያወሩ ኖሩ፤ የሚያምናቸው ጠፍቶ እንደ ጉረኛ ተቆጠሩ። አሁን ከአዲስ አበባ አንዲት የሥዕል ባለሙያ ልታየው ልትመጣ ነው። ወይዘሮ ዘነበች የጠየቁት አቧራው እንዲጸዳና የላላው ፍሬም እንዲጠብቅ ብቻ ነበር።

“የእሱ ሥራ መሆኑ ከታወቀ፣ ባለቤቴ ውሸታም አልነበሩም ማለት ነው” አሉ።

ፍሬሙን እኔ አጠበቅኩ። ጽዳቱን ጋሽ ክፍሌ ራሳቸው ያዙት።

ባለሙያዋ የመጣች ዕለት ሱቁ በጎረቤት ሞላ። ከሥዕሉ ግርጌ በቀኝ በኩል የሠዓሊው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ወይዘሮ ዘነበች ለሰዉ በጣታቸው ያሳያሉ። ባለሙያዋ አጉሊ መነጽሯን አውጥታ ብዙ አየች። ከዚያ ጥጥ ፈሳሽ ውስጥ ነክራ የአንዱን ፊደል ጫፍ ነካችው። ጥጡ ጠቆረ።

የስሙ ቀለም አዲስ መሆኑን፣ በአሮጌው ቫርኒሽ ስንጥቅ ውስጥ መግባቱን ዝግ ባለ ድምፅ አስረዳች። ከሥሩ የነበሩት የደበዘዙ ፊደላትም በምላጭ ተፍቀዋል አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ የሱቁ ታፔላ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

“ልጄ፣ አንተ ነህ?” አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

የማን እጅ እንደሆነ ገና ሳየው አውቄያለሁ፤ የፊደል ጅራት ወደ ላይ የሚያጥፉት ጋሽ ክፍሌ ናቸው። ፊቴ ጋለ። ያልሠሩት ጥፋት እንዲህ ያሳፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጋሽ ክፍሌ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ወይዘሮ ዘነበች ደግመው ሊጠይቁኝ ሲሉ፣ “ልጁን ተዉት። እኔ ነኝ” አሉ ጋሽ ክፍሌ።

ስሙ ደብዝዞ ስለነበር ያጎሉት መስሏቸው ነው። መሐንዲሱ ያለውን ስም ሰምተው ነበርና ያላነበቡትን ፊደል ፍቀው በዚያ ሞሉት። ያኔ የባሰ አፈርኩ። እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሰው በጎረቤት ፊት እጃቸውን አጣምረው ሲቆሙ ማየት እኔ ከመጠርጠሬ ይልቅ ከበደኝ። አሁንም ሳስታውሰው ዓይኔን የምጥልበት አጣለሁ።

ባለሙያዋ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ሥዕሉ በእርግጥ የዚያ ዘመንና የዚያ አገር ነው። የደመናውና የማዕበሉ አሠራር ግን የስመ ጥሩ ሠዓሊ አይደለም።

“የሌላ ጥሩ ሠዓሊ ነው። ማን እንደሆነ ፊደሎቹ ይነግሩን ነበር፤ አሁን አይነግሩንም” አለች።

ወይዘሮ ዘነበች ሥዕሉን መልሰው በነጠላቸው ጠቀለሉ። ጋሽ ክፍሌ ይቅርታ ሲጠይቋቸው፣ “ለባለቤቴስ ግማሽ እውነት ተገኘላቸው። የሠራውን ሰው ግን ስም አሳጣችሁት” ብለው ወጡ።

“አሳጣችሁት” ማለታቸው እኔንም ጨመረኝ። አልተከራከርኩም።

ነገሩን ሁለታችንም ዳግም አላነሣነውም። ጋሽ ክፍሌ ከዚያ ወዲህ የሥዕል እድሳት አልተቀበሉም። እኔ ሴቻ ሰፈር የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ብዙ ሥዕል ጠግኛለሁ። የደበዘዘ ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ ለባለቤቱ ማንበብ አልቻልኩም እላለሁ። አንዳንዱ ቅር ብሎት ሥራውን ወደ ሌላ ይወስዳል። ይውሰድ። ባላነበቡት ፊደል ላይ ብሩሽ አይነሣም።