አብዱልሃሚድ የተነሳ ዕለት

ሐዋሳ፣ ፒያሳ ላይ የአብዱልሃሚድን ፍራሽ ቤት የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ኳስ አይወድም። ሱቁ ከአሮጌው ሜዳ በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም ፍራሽ ቤት ነው፤ በሩ ላይ የተደገፉ ስፖንጆች፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ ትራሶች፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የሕፃን አጎበር። ከውስጥ ግን የኋላው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በትንንሽ መቀመጫ ስፖንጆች ተሞልቷል። አንዱ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፣ አንዱ የአሮጌ መጋረጃ ቁራጭ፣ አንዱ ደግሞ ድሮ የልጅ ዩኒፎርም በነበረ ሱሪ ተለብዷል። እነዚህ አይሸጡም። ባለቤት አላቸው። የሐይቅ ኮከብ ክለብ ደጋፊዎች መቀመጫ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በመምህር ታምሩ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ በመምህር ታምሩ መቀመጫ። ታምሩ ያኔ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ስሙ በአደባባይ ከማይጠራ ቦታ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ሐይቅ ኮከብ ትልቅ ጨዋታ ነበረው። በሲሚንቶው ደረጃ ላይ መቀመጥ አይችልም፤ ቤት መቅረትም አይችልም። እየተወላገደ በፍራሽ ቤቱ በር ሲያልፍ አብዱልሃሚድ አየውና ምንም ሳይጠይቅ ከተረፈ ስፖንጅ ላይ አንዲት ቁራጭ በቢላዋ ቆርጦ ሰጠው። ያን ቀን ደረጃው በሙሉ በታምሩ ሳቀ። በሚቀጥለው ጨዋታ ከሳቁት መካከል አንዳንዶቹ ዙሪያ ገባውን እያዩ ወደ ሱቁ ብቅ አሉና፣ «እንደ መምህር ዓይነት የለህም?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። የጨዋታ ቀን ሰዉ ስፖንጁን ከአብዱልሃሚድ ግድግዳ ያወርዳል፤ ሲያበቃ ሊመልስ ይመጣል። ሊመልስ የመጣ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይሄድም። አሰልጣኙን ይሰድባል፣ አራጋቢውን ይረግማል፣ አጠገቡ ካለው ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል። ፍራሽ ሊገዛ የመጣ ሰው በሩን ማለፍ ያቅተውና ቀጥሎ ካለው ሱቅ ይገዛል። አብዱልሃሚድ በዚህ አይከፋም። ከቡታጅራ ከአባቱ ጋር በጭነት መኪና ሲመጣ ሐዋሳ ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም ነበር፤ አሁን ከፒያሳ ተነስቶ ሐይቁ ድረስ ሲሄድ ሰላምታ እየመለሰ ጉሮሮው ይደርቃል። ኳስን ከመውደዱ በፊት ኳስ ወዳዶችን ወደደ። ከጨዋታ ውጪ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ብዙ ቆይቶ ነው፤ አልገባውም የሚሉም አሉ።

እንዲህ እያለ ክለቡ ከከተማው ዳር፣ ቱላ ላይ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬውን ያመጣው የደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊ ካሌብ ነው፤ ወጣት ነው፣ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ሰው ያውቃል፣ ስልኩ ውስጥ ሥዕሉ አለ። ጣሪያው የአሳ ክንፍ ይመስላል።

«ይኼውልዎት፣ ጋሽ አብዱ» አለ ካሌብ፣ ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ። «ለእያንዳንዱ ሰው የፕላስቲክ ወንበር። መደገፊያ ያለው። ከእንግዲህ ስፖንጅ ተሸክሞ መዞር ቀረ።»

ካሌብ ይህን ያለው ደስ ሊያሰኘው ነበር። አብዱልሃሚድ ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ ዞሮ ግድግዳውን አየ።

«ውሃውስ?» አለ።

«የምን ውሃ?»

«የመሬቱ ውሃ። ሐዋሳ ላይ ሁለት ክንድ ስትቆፍር ውሃ ነው። ምሰሶው በምን ሊቆም ነው?»

«ቱላ እኮ ከፍ ያለ ነው፣ ጋሽ አብዱ።»

«ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ንፋስ አለው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አብዱልሃሚድ ሊቅ ሆነ። ስለ መሬት ውሃ፣ ስለ ንፋስ አቅጣጫ፣ ስለ ብረት ዝገት፣ በዝናብ ጊዜ ስለሚቆመው ባጃጅ የማያነሳው ነገር አልነበረም። ያላነሳው ግድግዳውን ብቻ ነው። በተቃራኒው የቆመው ታምሩ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያስተምረው ክፍል ስለሌለው ደጋፊውን ያስተምራል።

«አብዱ፣ አንተ ፍራሽ ነጋዴ ነህ ወይስ መሐንዲስ?»

«አንተስ የጂኦግራፊ መምህር ሆነህ ቱላ የት እንዳለ ጠፋብህ?»

«የቱላን ርቀት በካርታ አውቀዋለሁ።»

«በካርታማ ሁሉም ቅርብ ነው።»

ሱቁ ሳቀ። ታምሩ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ከተማ ያድጋል፣ ጎበዝ። እኛ ደግሞ ከዚህ ከተሰነጠቀ ደረጃ ጋር ተጋብተን ልንቀር ነው? ጣሪያው ላይ የሚቆሙት ወፎች፣ አባ ኮዳዎች እንኳ ሰው በላይ በላይ እየመጣባቸው ተማረሩ።»

«አባ ኮዳዎቹ አንተ አናት ላይ ምን እንደሚጥሉ እየታወቀ ስለ እነሱ ታዝናለህ?»

ዘነበች እንዲህ ሲሆን ስፖንጇን እግሯ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። የማዋለጃ ክፍል ነርስ ናት፤ ድምፅዋ ከደረጃው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፣ ዳኞች ያውቋታል። ክርክሩ ሲበርድ ካሌብን፣ «ስልክህን እስቲ አምጣ» አለችው። ሥዕሉን አገላብጣ፣ አስፍታ፣ አጥብባ አየችው። «የሴቶች ሽንት ቤት የት ነው?»

ካሌብ ፈለገ። ፈልጎ ሲያጣ፣ «ይኖራል እንጂ፤ ሥዕል ስለሆነ ነው» አለ።

«ጣሪያውም ሥዕል ነው» አለች ዘነበች፣ ስልኩንም መለሰችለት። በሐዋሳ ስለ አዲሱ ስታዲየም የተነገረ ቁም ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ማንም አላነሳውም።

ክለቡ ደጋፊው ሳይስማማ ጥያቄውን ወደ ላይ አላቀርብም ስላለ ነገሩ በማኅበሩ ድምፅ ላይ ወደቀ። አብዱልሃሚድም ሥራውን ጀመረ። ትራስ ሊገዛ የመጣውን በውሃ አስፈራራው፣ አጎበር የጠየቀውን በንፋስ። ከደጋፊው ግማሽ የሚሆነውን በእጁ ያስገባ መሰለው። ቤት ሲገባ ለሚስቱ ለአስማ የዕለቱን ውሎ ተረከላት። አስማ ጨርሳ ካዳመጠችው በኋላ፣ «ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» አለችው።

«የቱን እውነት?»

«ሜዳው ቱላ ከሄደ ሰዎቹም አብረው ይሄዳሉ፣ ሱቁ ባዶ ይሆናል ብለህ ነው የፈራኸው።»

አብዱልሃሚድ የሻይ ብርጭቆውን አነሳ። «ውሃው ነው» አለ።

«እሺ፣ ውሃው ነው» አለች አስማ፣ ሻይም ጨመረችለት።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውም መጥቶ፣ ማኅበሩ ቦታውን አይቶ እዚያው ሊወስን በሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ወደ ቱላ ወጣ። ከመነሳታቸው በፊት ሁሉም ሰው፣ የፕላስቲክ ወንበሩን የደገፈው ጭምር፣ ወደ ግድግዳው ሄዶ ስፖንጁን አወረደ። ታምሩም አወረደ። አብዱልሃሚድ አየው።

ቦታው ለስለስ ያለ ዳገት ያለው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው፤ ዳር ዳሩን እንሰት ተተክሎበታል። ሌሊቱን ዘንቦ ሣሩ እርጥብ ነበር። ላሞቻቸውን የሚጠብቁ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው የሚወርደውን ሕዝብ ተመለከቱና ካሌብን፣ «እናንተስ ምን ልትሠሩ ነው?» አሉት፣ ረጋ ባለ አማርኛ።

«ስታዲየም ነው፣ አባቴ።»

«ጥሩ ነው። በፊት የመጡት ፋብሪካ ነው አሉ። ከእነሱ በፊት የመጡት ኮሌጅ። ሣሩ ግን ዘንድሮ ጥሩ ነው» አሉና ላሞቹን ወደ ዳር ነዱለት።

ሜዳው ላይ የሰፈሩ ጎረምሶች ይጋጠሙ ነበር። አንዱ ቡድን ማሊያ ለብሷል፣ አንዱ ማሊያ አውልቋል፣ ጎሉ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ካሌብ ጨዋታውን ለአንድ አፍታ እንዲያቆሙ ለመናቸው። «ዋንጫ ነው» አሉት። እናም ደጋፊው ዳገቱ ላይ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ደግሞ ማንም ሳያዘው ልክ በአሮጌው ሜዳ እንደሚቀመጠው ነው፤ ዘነበች ከላይ፣ ታምሩ መሃል፣ አብዱልሃሚድ በስተቀኙ። አንድ ሰው በስሕተት የሌላውን ቦታ ይዞ ኖሮ፣ «ተነስ፣ ቦታዬ ነው» ተባለ፤ ተነሳም። ወንበር የሌለው ስታዲየም ውስጥ የወንበር ጠብ ሊነሳ ምንም አልቀረውም ነበር።

ካሌብ ከፊታቸው ቆሞ፣ ጀርባውን ለጨዋታው ሰጥቶ፣ ጥላ ፎቁ የት እንደሚሆን፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት አስረዳ። ታምሩ ስለ ዕድገት ተናገረ። አብዱልሃሚድ ተራው ሲደርስ ውሃውን አነሳ፣ ንፋሱን አነሳ፤ ንፋሱም እንደታዘዘ ሁሉ ነፍሶ የካሌብን ወረቀት ወደ እንሰቱ ወሰደው። ብዙ ራስ ተወዛወዘ። አብዱልሃሚድ ያሸነፈ መሰለው።

እዚህ ላይ የማኅበሩን የድምፅ አሰጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ እጅ ነበር የሚወጣው። አንድ ጊዜ ግን አንድ የጋለ ደጋፊ ሁለት እጁን አውጥቶ ትልቅ ጠብ ተነሳ፤ ያኔ አብዱልሃሚድ ራሱ፣ «ሰው ሁለት እጅ አለው፣ ሁለቴ መቆም ግን አይችልም። የሚደግፍ ይነሳ፣ የሚቃወም ይቀመጥ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ጸደቀለት። ብልህ ነው ተባለ።

«እንግዲህ» አለ ካሌብ፣ «ስታዲየሙ ቱላ ይሠራ የምትሉ፣ ተነሱ።»

አብዱልሃሚድ ስፖንጁ ላይ ተደላደለ። በግራው ታምሩ ጉልበቱን ይዞ ለመነሳት እየተዘጋጀ ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ከካሌብ ጀርባ፣ ማሊያ ካወለቁት አንዱ ኳሷን ከመሃል ሜዳ ይዞ ሄደ። አንዱን አለፈ። ሌላውን ጭቃ ውስጥ ጥሎ አለፈ። በረኛው ወጣ፤ ልጁ በረኛውን አታሎ በግራ እግሩ ሲመታ ደረጃው፣ ማለት ዳገቱ፣ በሙሉ ብድግ አለ። ከሁሉ ቀድሞ የተነሳው፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ኮፍያው ወድቆ፣ አብዱልሃሚድ ነው።

ካሌብ የሚያየው ወደ ደጋፊው ነው። ከኋላው የሆነውን አላየም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በሙሉ ድምፅ» አለ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አብዱልሃሚድ ቀስ ብሎ ሊቀመጥ ሞከረ።

«እኔ የተነሳሁት ለጎሉ ነው» አለ።

«ሕጉ የተነሳ ይቆጠራል ይላል እንጂ ለምን ተነሳ አይልም» አለች ዘነበች ከላይ። «ያወጣውን ሰው ጠይቁት።»

«ደግሞ ጎሉም ከጨዋታ ውጪ ነው» አለ ታምሩ፣ ኮፍያውን አንስቶ እየሰጠው። «አንተ ግን አይገባህም።»

ሲመለሱ አብዱልሃሚድ በመስኮት ውጪውን እያየ ፒያሳ ደረሰ። ስፖንጆቹ የሣሩን እርጥበት ጠጥተው ስለነበር እንደተቀበላቸው ወደ ግድግዳው መመለስ አልቻለም፤ በር ላይ በገመድ አሰጣቸው። ቤት ሲገባ አስማ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ጠበቀችው።

«ውሃውስ?» አለችው።

«ቱላ ከፍ ያለ ነው» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮም ተኛ።

በማግስቱ ጨዋታ የለም። አብዱልሃሚድ ሱቁን ከፍቶ ከታጠበ ልብስ ይልቅ የሐዘን ቤት ፍራሽ የሚመስሉትን ስፖንጆች እያገላበጠ ሲያሰጣ፣ ከአሁን በኋላ ቀኑ ሁሉ እንደዚህ ጸጥ ያለ እንደሚሆን እያሰበ ነበር። ታምሩ መጣ።

«የኔ ደርቋል?»

«አልደረቀም። ዛሬ ምን ልትቀመጥበት ነው?»

«ወፍራም አድርገህ ቁረጥልኝ። ያ ሣር እስከ አጥንቴ ገባ።» በርጩማ ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠ። መንገዱን ትንሽ አየ። «ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት፣ አብዱ። ያ ንፋስ ቀላል አይደለም።»

አብዱልሃሚድ ቢላዋውን እንደያዘ ቆመ።

«ደግሞ ያ መደገፊያ» አለ ታምሩ። «ሰው መደገፊያ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዴት ወደ ኋላ ዞሮ ይከራከራል? ዘነበችን በምን ልመልስላት ነው? ሁሉም ወደ ፊት ብቻ ካየ ምኑን ኳስ ሆነ? እኔ እንጃ፤ ስታዲየሙ የሚያዋጣ አልመሰለኝም።»

«ትናንት የተነሳኸው ምንድን ነው ታዲያ?»

«እኔማ ሳልነሳ ጎሉ ቀደመኝ። የተነሳሁትም ለጎሉ ነው።»

አብዱልሃሚድ ቢላዋውን ስፖንጁ ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣ ማንም ሊያየው በማይችል ፍጥነት፣ ፊቱ ላይ አንድ ነገር በራ።

«እኔ ግን ተነስቻለሁ» አለ። «ቆሜ የመረጥኩትን ተቀምጬ አልክድም። ንፋስ ንፋስ አትበለኝ፣ መምህር፤ የዛሬ ምሰሶ ንፋስ አይበግረውም።»

«ውሃውስ?»

«የምን ውሃ? ጂኦግራፊ አስተምረህ ቱላ ከፍ ያለ መሆኑን አታውቅም?»

ዘነበች ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ የሁለቱን ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰማች፤ ተሻግራ መጣችና ጨዋታ እንደሌለ እያወቀች እርጥብ ስፖንጇን ከገመዱ አውርዳ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችበት። «ሽንት ቤቱን የመለሰ አለ?» አለች። አልነበረም። ካሌብም መጣ፤ ክለቡ የማኅበሩን የውሳኔ ደብዳቤ ተቀብሎ ጥናቱ እንዲጠና ጥናት ሊያስጠና መሆኑን ነገራቸው። ይህም ለብቻው ረጅም ክርክር ወጣው።

ረፋዱ ላይ አዲስ ተጋቢ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ፈልገው በሩ ላይ ቆሙ። ማለፊያ አልነበረም።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ አብዱልሃሚድ፣ ግማሽ የተቆረጠ ስፖንጅ በእጁ እንደያዘ። «ይህችን የንፋስ ነገር ብቻ ላስረዳው።»

ተጋቢዎቹ ጥቂት ጠብቀው ቀጥሎ ወዳለው ሱቅ ሄዱ።