ከመቀመጫው ሥር ያለው ሽቦ

አጎቴ የሆስፒታሉን ግቢ ሣር የሚያጭደው ላዩ ላይ ተቀምጦ በሚነዳው ማሽን ነው። መሬቱ አባጣ ጎርባጣ ስለሆነ ወገቡን ጨረሰው። ከመቀመጫው ሥር ሞላ ሲያስገባ ወገቡ ተረፈ፤ ሌላ መዘዝ ግን መጣ። ማሽኑ ነጂው ከመቀመጫው ብድግ ካለ እንዲጠፋ የተሠራ ነው፤ ሞላው ባነጠረው ቁጥር ሞተሩ ቀጥ ይላል። ሲራገም ሰነበተና፣ ብመክረው አልሰማ ብሎ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ማጥፊያ እንዳትሠራ በሽቦ ጠፈራት።

በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ ሞላው አሽቀንጥሮ ጣለው። ማሽኑ ስለቱን እያሽከረከረ፣ ምሳ ይዛ ዛፍ ሥር ወደተቀመጠችው ሚስቱ ወረደ። አጎቴ "ተነሺ!" ብሎ ጮኸ። ዘላ ከዛፉ ጀርባ ስትገባ ማሽኑ ግንዱን ገጭቶ ቆመ።

"ለወገብህ ብለህ እግሬን ልታጭደው ነበር?" አለችው።

ሽቦውን እዚያው በጠሰው። ዛሬም ሞተሩ በየጉድጓዱ ቀጥ ይልበታል፤ እሱ ግን "ተመስገን" ብሎ ያስነሳዋል።