እማዬን በስውር የሚያበላት ማነው?

ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም። ስኳሩም ግፊቱም ከውፍረቱ ጋር የመጣ ነው፤ ካልቀነሰች ዓይኗ ይጠፋል አለን። ግራው ከወዲሁ ደብዝዞባት ነበር። እማዬ ደባርቅ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። ወላሂ፣ የዚያኑ ዕለት ስኳሩንም ፓስታውንም ከቤት አውጥቼ ምግቧን በልክ አደረግሁት።

ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፤ ቀሚሷ አልሰፋትም። ስኳሯማ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። እንግዲህ የሆነ ሰው ተደብቆ እያበላት ነው አልኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጠረጠርኩ አበቃ፣ እንቅልፍም የለኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አክስቴን ነው። ስትመጣ ከእጇ የማይጠፋ ፌስታል ነበራት። ነጥቄ ብከፍተው የተቀደደ ጫማ! "አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ" ብላ አኮረፈችኝ። ቀጥሎ ጎንደር ደርሶ መልስ ሚኒባስ የሚነዳው ወንድሜ ነበር። "ኪስህን አሳየኝ" ስለው "ፖሊስ ሆንሽብን እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። መሳቁም አጠራጠረኝ።

በዚያው ሰሞን በቅሏችን አነከሰች። አባቴ በሕይወት ሳለ ከጃናሞራ እህል ይጭንባት ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ሥራዋ ገብስ እየበሉ መቆም ሆኖ አንገቷ ሁሉ ስብ አውጥቷል። የከብት ሐኪሙ ሰኮናዋን ነካክቶ፣ "ውፍረቱ ነው፤ ገብሱን ቁረጡ፣ ጭድ ይበቃታል" አለ። እማዬ በዚያው ቆረጠች። በቅሎዋ ብትጮህባት እንኳ አልራራችም። ለእንስሳው እንዲህ የጨከነች ሴት ለራሷ እንዴት ያቅታታል? ያኔ ዓይኔን ከሰው ላይ አንስቼ እሷ ላይ አደረግሁ።

በገበያ ቀን ሳልነግራት ሱቋ ሄድኩ። ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ተቀምጣ ብስኩት በለስላሳ ትበላለች። ማንም አላመጣላትም፤ ራሷ ገዝታ ነው። ደግሞ ጥሟትም አይደለም፤ እንደ መድኃኒት ነው የምትውጠው።

"እማዬ! በገዛ ዓይንሽ ላይ? በቅሎዋን ከልክለሽ አንቺ ትበያለሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

"በቅሎ ብትከሳ ማን ይታማል?" አለችኝ። "እኔ የከሳሁ እንደሆን 'ባሏ ቢሞት ልጆቿ አስራቧት' ነው የሚሉት። ገና ትንሽ ስቀንስ የጃናሞራዋ ደንበኛዬ 'ምነው፣ የሚጦርሽ ልጅ የለሽም እንዴ?' አለችኝ። እናንተን ከማሳማ ዓይኔ ይጥፋ።"

ንዴቴ ሳይበርድልኝ አቅፌያት አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በዋለ ቁጥር ምሳዋን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እየቀነሰች መጣች፤ ቀሚሷም በመቀነት መታሰር ጀመረ። አንድ ቀን ያችው የጃናሞራዋ ደንበኛዋ መጣችና ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ኧረ በሞትኩት! ምን ነካሽ? ምነው እንዲህ መነመንሽ?"

እማዬ አቀረቀረች። ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ ወደ ብስኩቱ ልትመለስብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"እኔ ነኝ!" አልኩ፣ ባለ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ልጇ ነኝ ምግብ የምከለክላት። ዓይኗ እንዳይጠፋ ነው። ማማት ያማረው እኔን ይማ!"

ሴትዮዋ "የዘንድሮ ልጅ!" እያለች ሄደች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

"ጉድ አፈላሽብን" አለች እማዬ በቀስታ። ከዚያ በርጩማዋን ከጥቅሉ ጀርባ አንስታ ደጃፉ ላይ አኖረች። ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እያዩዋት፣ ጎመኗን መብላት ጀመረች።